ሣሩ ላይ የደረቀው መንገድ

ሰኞ

ዛሬም ከኮኩ ዛፍ ሥር አሥራ አንድ ፍሬ ወድቆ አገኘሁ። ገና እንጭጭ ነው፤ ኮክ ለመባል እንኳ አልደረሰም። ቅጠሉም ከዳር ከዳሩ እየከሰለ ይጠቀለላል። አባባ እናቴ በሞተች ዓመት አገራቸውን ዲማን ትተው ወደ እኔ ሲመጡ፣ ዘሩን በኪሳቸው ይዘው መጥተው የተከሉት ነው። ዘንድሮ በእኔ ግቢ ደረቀ ሊባል ነው?

ሣሩም አላማረበትም። «ሣር ላይ ካልተቀመጥኩ ከተማ አይመቸኝም» ስላሉኝ በእጄ የተከልኩት ሰርዶ ቢጫ ሆኗል።

የጠረጠርኳቸው፦ ምስጥ። የውሃ እጥረት (ቧንቧው በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው)። የጎረቤት እጣቢ። እኔ ራሴ፤ ወንድሜ ከደምበጫ ካመጣልኝ ዩሪያ ማዳበሪያ በፋሲካ ሰሞን አንድ እፍኝ በትኛለሁ።

ማክሰኞ

ከማስተምርበት ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህሩን ይዤ መጣሁ። ቅጠሉን ገለባበጠ፣ ቅርፊቱን በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገ። ተባይ የለበትም፣ የተቃጠለ ነው አለኝ። ስለ ዩሪያው ስነግረው በአንድ እፍኝ እንዲህ አይሆንም ብሎ ሳቀብኝ። ሥሩን ቆፍሬ አፈሩን እንዳሸት መክሮኝ ሄደ።

አባባ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። እንግዳ ሲመጣ አገሩንና ዘመዱን ሳይጠይቁ የማይለቁ ሰው፣ ዛሬ ጉልበቴን ብለው ገቡ። ይህ ጉልበት የሚሉት ነገር ከፋሲካ ወዲህ ቤተ ክርስቲያንም አስቀርቷቸዋል። ስንት ደቀ መዝሙር ያፈሩ መሪጌታ ቅዳሴ በሬዲዮ ሲሰሙ ማየት ያስጨንቀኛል።

ረቡዕ

አፈርኩ። ሳልቆፍር፣ ሳላሸት፣ እትዬ ጥሩ ቤት ሄጄ የልብስ እጣቢያቸው በአጥሩ ሥር እየገባ ዛፌን እንደገደለው ነገርኳቸው። አዳመጡኝና፣ «የእኔ እጣቢ ሽቅብ ይወጣል እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

እውነትም ግቢያቸው ከእኛ በታች ነው። አሥር ዓመት ጎረቤት ሆኜ ይህን ረሳሁት። ይቅርታ ጠይቄ ተመለስኩ። የፈተና ወረቀቱም ሳይታረም አደረ።

ሐሙስ

ቆፈርኩ። አፈሩ በረኪና በረኪና ይሸታል።

ቀና ስል ደግሞ ሣሩን አየሁት። ለካ እዚህም እዚያም አይደለም የደረቀው። ከአባባ ክፍል ደጃፍ ተነስቶ እስከ ኮኩ ድረስ፣ አንድ ሰው በሚሄድበት ልክ፣ መንገድ ሆኖ ነው የደረቀው። ዳር ዳሩ ጠብታ ጠብታ አለበት።

በዚህ ወር ሦስት ጠርሙስ በረኪና አልቆብኛል። ባለሱቁ እያጎደለ ይሸጥልኛል ብዬ ሳማው ነበር።

አባባ ፀሐይ ለመሞቅ ሲወጡ ክፍላቸው ገባሁ። ከበሩ ኋላ የተሰነጠቀ ባልዲ አለ። ፍራሹ ተገልብጧል፤ ከሥር እርጥብ ነው። እኔ ሥራ ስሄድ ጠብቀው ነው የሚያጥቡት፤ እጣቢውንም ከኮኩ ሥር ነው የሚደፉት። «አንሶላዬን እኔው አጥባለሁ፣ እጄ አልተቆረጠ» ያሉኝ፣ ማታ ማታ ውሃ አልጠጣም ያሉኝ፣ ጉልበቱም፣ ቤተ ክርስቲያን መቅረታቸውም ገባኝ። ሽንት የሚያመልጠው ሰው ቤተ መቅደስ አይገባም ብለው በራሳቸው ላይ ፈርደዋል።

ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ።

ዓርብ

ምን ብዬ ልናገር? ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ቆሜ ይህንኑ ሳስብ ዋልኩ።

ዝም ብል ዛፉ ይሞታል፣ እሳቸውም ሳይታከሙ ይቀራሉ። ብናገር ጥለውኝ ይሄዳሉ። አውቃቸዋለሁ። ካቻምና ደምበጫ ሊሰነብቱ ሄደው፣ የወንድሜ ሚስት ስለ ሳላቸው አንዲት ቃል ብትናገር መቋሚያቸውን አንስተው በእግራቸው መናኸሪያ ወርደዋል። ከዚህ ወጥተው ዲማ ቢሄዱ ደግሞ ማን ይጠብቃቸዋል? ቤቱ ፈርሷል።

ቅዳሜ

ሣሩ ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሌሊቱን ያዘጋጀሁት ውሸት ነበረኝ።

«አባባ፣ ዛፉን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ዩሪያ አብዝቼበት ነው።»

የደረቀውን ሣር በመዳፋቸው ዳበሱት።

«የሺ፣ ሐሰት አላስተማርኩሽም» አሉኝ። ቀጥሎም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዛፉ አይናገርብኝም ብዬ ነው» አሉ።

አላየኋቸውም፤ እሳቸውም አላዩኝም። ሁለታችንም ወደ ኮኩ እያየን ነው የተነጋገርነው። በዕድሜ የሚመጣ ሕመም እንደሆነ፣ መድኃኒትም እንዳለው ነገርኳቸው። ዲማ መልሺኝ አሉ። አልመልስዎትም አልኩ። እንዲህ ብዬ መልሼላቸው አላውቅም። አልተቆጡም።

እሑድ

ጠዋት ነጠላቸውን ለብሰው ወጡ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆመው አስቀድሰው መጡ። ለነፍስ አባታቸው ነግረዋል፤ ምን እንዳሏቸው አልጠየቅኩም።

ውሃ ስለመጣ ስድስት ባልዲ ከኮኩ ሥር አፈሰስኩ። መምህሩ፣ ውሃው በረኪናውን ያጥበዋል ብሎኛል። ይድን እንደሆነ ግን እሱም አያውቅም። ዛሬም ዘጠኝ ፍሬ ወድቋል። ነገ ሆስፒታል እንሄዳለን፤ በሩ ላይ ደርሰው እንዳይመለሱ እፈራለሁ።

አንድ ነገር ልጻፍና ላብቃ። ዛሬ ማለዳ፣ ከመውጣታቸው በፊት፣ በራቸውን አንኳኩቼ ደጅ ቆምኩ። ብዙ ጠበቅኩ። በሩ ትንሽ ተከፈተ። አባባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ እርጥቡን አንሶላ በእጃቸው አቀበሉኝ።