ሁለተኛዋ ምት

ለክቡር ባለቤቴ ለማቴዎስ፣ ለሐይቅ ዳር ብቸኛው ባለ ቦርጭ ቢራቢሮ፤

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ቤቱ ደህና ነው። አግዳሚ ወንበርህ ግን እንደተሰነጠቀ ነው፤ ላስጠግነው ብል እጄ እምቢ አለኝ። ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ ዳማ ይጫወታል፤ አንተ የቢራቢሮ ዋና ካልቻልኩ ብለህ እዚያ ወንበር ላይ በሆድህ ተኝተህ ስትንፈራገጥ ከረምክ።

ሐይቁ ዳር ካለው ሆቴል መዋኛ ገንዳ ስትገባማ ልጆቹ ይወጡ ነበር፤ ውሃውም አብሯቸው። ክንድህ ጉድ ነበር፣ አልዋሽም። ችግሩ እግርህ ነው፤ ለአንድ የእጅ ዙር ሁለቴ መምታት ሲገባው፣ እጅህ ውሃ ሲገባ አንዴ ይመታና እጅህ ሲወጣ እንቅልፍ ይወስደዋል። መሃል ስትደርስ ቁልቁል! የገንዳው ጠባቂ ስንቴ ዘሎ አወጣህ። አንተ አመስግነህ፣ ፎጣህን ከእጄ ተቀብለህ፣ ፊትህን ጠርገህ ወደ ውሃው ትመለሳለህ። እንዲህ ያለ አለማፈር በማንም አላየሁም።

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ዳንጊሶ ሊጠይቁን የመጡ ዕለት ትዝ ይልሃል? ወንበሩ ላይ ስትወራጭ አዩህና ክፉ መንፈስ የያዘህ መስሏቸው እያጨበጨቡ ይጸልዩልህ ጀመር። እኔ ሳቄን ልውጥ መጋረጃ ነከስኩ። አንተ ግን ጭብጨባውን ተከተልክ፤ በአንዱ ጭብጨባ እጅህ ሲገባ፣ በቀጣዩ ጭብጨባ እጅህ ሲወጣ በእግርህ መታህ። "ጋሼ፣ በጌታ አያቁሙ! ሁለተኛዋ ምት መጣችልኝ!" አልክ። እሳቸው ጸሎቱ የሠራ መስሏቸው ይብስ አጨበጨቡ። ወንበሩም ያኔ ተሰነጠቀ። በሳምንቱ ገንዳውን ከዳር ዳር አቋረጥከው፤ እኔም እንደ ሙሽራ እልል አልኩ።

"ቀጥሎ አንቺ ነሽ" ብለኸኝ ሳታስተምረኝ ሄድክ። እኔም ዓመትህ ሳይሞላ ገንዳውን አቋርጠዋለሁ ብዬ ማልኩ። የእኔ እግር አይተኛም፤ ጠላቴ አንገቴ ነው። ወሬ የሚያመልጠው ይመስል ለትንፋሽ ቀና ካለ አይመለስም፤ ወገቤም ይሰምጣል። ጋሽ ዳንጊሶ ገንዳው ዳር፣ እኔ ፎጣህን ይዤ እቀመጥበት በነበረው ወንበር ሆነው ያጨበጭቡልኛል። አስተናጋጆቹ የጸሎት ጉባኤ መስሏቸዋል።

ትናንት ፊቴን ከእጆቼ አስቀድሜ ወደ ውሃው መለስኩ፣ ሁለተኛዋን መታሁ፤ እጄ ማዶ ግድግዳውን ነካ። ጋሽ ዳንጊሶ ማጨብጨቡን ትተው አለቀሱ። እኔ ስወጣ ፎጣ የሚያቀብለኝን ፈለግሁ፤ ለካ ያ የእኔ ሥራ ነበር።

ወንበሩን አላስጠግነውም። ስንጥቁን ላየ ሁሉ ታሪክህን እነግራለሁ፤ እጄ ከውሃ በወጣ ቁጥርም ሁለተኛዋን ምት አልረሳልህም።

ባለ ፎጣዋ ሚስትህ