የፊታውራሪ ታፈረ ቸርነት

ይድረስ ለጋሼ ወልደማርያም፤ አዲስ አበባ ጤና ሰጥታ ታክርምዎ። እኛ ከእስቴ ብርድ በቀር ክፉ አላገኘንም።

ታናሻችን ይታይሽ የግል አዳሪ ትምህርት ቤቱን ፈተና አለፈች። አባባም የሚከፍልላት ፍለጋ የፊታውራሪ ታፈረን ደጅ ሲጠኑ ከረሙ። በአውራ ጣቱ የሚፈርም ሰው፣ "ሴት ተምራ ማንን ልትዳኝ ነው?" ብሎ በአሽከሮቹ ፊት ሳቀባቸው። ኋላ እከፍላለሁ አለ፤ ቸርነቱ ግን ከሽማግሌ ጋር መጣ። ለካ ሁለት አሽከር ተጋግዞ በቅሎ ላይ ለሚያወጣው ልጁ ሊያጫት ኖሯል።

አባባ ሽማግሌዎቹን ሁለት ጊዜ እንደቆሙ መለሷቸው። "በቅሎዋን ይዳርለት" ሲሉ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ትናንት ሲመጡ ግን ቁርበት አስነጥፈው "ተቀመጡ" አሏቸው።

ይታይሽ መጽሐፎቿን በነጠላ እየቋጠረች ነው። እኔም ስንቅ እየቋጠርሁላት ነው።

መንገዱ ደርቋል፤ መኪና እስከ ደብረ ታቦር ይገባል። ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

እህትዎ አልጣሽ