ሳይዞሩ ስለሚጠብቁት መንገድ መሪ

ለተከበሩ የዲጂታል ጨዋታዎች ፈቃድ መሥሪያ ቤት
የገጸ ባሕርያት ግልጽነት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል እላለሁ። በግምገማው ዕለት የአዳራሹ ቅዝቃዜ ጉንፋን አሲዞዎት ስለነበር ሳሉ እንደለቀቀዎ፣ ድምፅዎም ለሰብሳቢነት እንደሚመጥን ሆኖ እንደተመለሰ ተስፋ አደርጋለሁ። ስለ ራሴ ደኅና ነኝ ብዬ እንዳልጽፍ ኮሚቴዎ የሚያሻማ ነገር እንደማይወድ ስለማውቅ፣ ደኅና አይደለሁም ብዬ በግልጽ እጀምራለሁ።

እኔ በአንድ አነስተኛ የቪዲዮ ጌም ስቱዲዮ ውስጥ የገጸ ባሕርያትን አካሄድ የምሠራ ባለሙያ ነኝ። ሰው እንዴት እንደሚራመድ፣ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ሲደክመው ትከሻው እንዴት እንደሚወርድ አይቼ፣ ያንኑ ስክሪን ላይ ላለ ምስል መስጠት ነው እንጀራዬ። ኮሚቴዎ የመረመረልን ጨዋታ፣ ተጫዋቹ መንገዱ የጠፋበትን አቧራማ አገር ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥበት ነው። ከፊቱ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይሄዳሉ። ስም የላቸውም፣ መንገድ መሪ ብቻ ነው የሚባሉት። ሰፊ ካፖርት ለብሰዋል፣ ፊታቸውን እስከ አፍንጫቸው ድረስ አቧራ በሚከላከል ጨርቅ ጠምጥመዋል፤ ጨዋታው አልቆም እንኳ ወንድ ይሁኑ ሴት አይታወቅም።

ይህ የሆነው በስንፍና አለመሆኑን በትሕትና አስረዳለሁ። ሠዓሊያችን ፊታቸውን ሲሥል ከርሞ አንድ ቀን ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋው ግማሾቻችን አጎታችንን፣ ግማሾቻችን አክስታችንን አየንበት፤ እሱም እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ “እንግዲህ ደርሰናል” አለ። መጠሪያ ሲቸግረን እንደ ትልቅ ሰው “እሳቸው” ማለት ጀመርን፣ ከዚያ ወዲያ የተቸገረ የለም። የሙከራውን ቅጂ የሞከሩ ተጫዋቾችም ትንሽ ተከራክረው ነበር፤ ነገር ግን ገደሉን ለመሻገር ስለቸኮሉ ክርክሩን ትተው ተከተሏቸው።

አካሄዳቸው ግን የእኔ እጅ ሥራ አይደለም። የታናሽ እህቴ ነው።

እህቴ ሊፍት ጠጋኝ ነበረች። ቁመተ ረጅም፣ ድምፀ ወፍራም፣ ጸጉሯን ማሽን እንዳይዘው ብላ በአጭሩ የምትቆረጥ፣ ከዓመት እስከ ዓመት ከቱታ የማትወጣ። ሊፍት በተበላሸበት ሕንጻ ውስጥ አንዱ ነዋሪ “ወንድሜ፣ ዛሬስ ይሠራል?” ሲላት ከላይኛው ፎቅ ሌላዋ “እህቴ፣ አደራሽን” ትላታለች፤ እሷ ለሁለቱም “እሺ” ብላ ሥራዋን ትቀጥላለች። ዘመዶች ነገሩን ሊያነሱት በሞከሩ ጊዜ እናታችን “የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፣ ይቺም የኔ ናት” ብላ ዘጋችው። የመንገድ መሪውን አካሄድ በካሜራ ልንቀርጽበት የቀጠርነው ተዋናይ በቀረበት ቀን እህቴ የስቱዲዮአችንን ሊፍት ልትጠግን መጥታ ነበርና ለምነን በእሱ ፈንታ አስገባናት። ካሜራው እንቅስቃሴን የሚከታተልባቸው ነጫጭ ኳሶች የተለጠፉበትን ያን ጥብቅ ጥቁር ልብስ ለብሳ ራሷን በመስታወት ስታይ “ኩፍኝ የያዘው ዘንዶ መሰልኩ” ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። ከዚያ ተራመደች። ለዓመታት የመሣሪያ ቦርሳ የተሸከመው ግራ ትከሻዋ ቦርሳ በሌለበትም ወረድ እንዳለ ነው፤ ካሜራው ያንን ሳይቀር ያዘው።

ተጫዋቹ ወደ ኋላ ሲቀር መንገድ መሪው ምን ያድርጉ ብለን ስንጠይቃት ቆመች። አልዞረችም። አንድ እጇን ማጅራቷ ላይ አድርጋ ፊት ለፊቷን እያየች ዝም ብላ ጠበቀች። እናታችን ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃ ስትወጣ እህቴ ሁልጊዜ የምትጠብቃት እንዲህ ነበር፤ ዞሬ ካየኋት ዘገየሁ ብላ ትሳቀቃለች ትል ነበር።

ባለፈው የዝናብ ወራት እህቴ በአጭር ሕመም ሞተች። ይህን የምጽፈው እንዲያዝኑልኝ አይደለም፤ ኀዘን ከኮሚቴዎ ሥልጣን ውጭ እንደሆነ አውቃለሁ። ምስጋናዬ ከየት እንደሚነሳ እንዲያውቁልኝ ያህል ነው እንጂ።

አንደኛ፣ ስለ ጥላው ምርመራ አመሰግናለሁ። መጋረጃ ተጋርዶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ገጸ ባሕርይው ጥቁር ጥላ ብቻ ሆኖ በነጩ ግድግዳ ላይ ሲያልፍ፣ የተከበሩት አባላት ወንድ ለመሰላቸው ሰማያዊ፣ ሴት ለመሰላቸው ሮዝ ካርድ ማንሳታቸው እጅግ የረቀቀ አሠራር ነው። በጨለማ ውስጥ የካርዱ ቀለም እንዴት እንደሚለይ ጠይቄ ማስቸገር አልፈለግሁም። ሆኖም ምክትልዎ በስልክ ሊነጋገሩ ተነስተው በፕሮጀክተሩ ፊት ሲያልፉ ጥላቸው ግድግዳው ላይ አረፈ፣ አባላቱም ቀጣዩ ተመርማሪ የቀረበ መስሏቸው አብዛኞቹ ሮዝ አነሱ። ምክትልዎ ጢማቸው የተንዠረገገ የልጆች አባት መሆናቸውን መብራቱ ሲበራ ሁላችንም አየን። ውጤቱ በቃለ ጉባኤው ሳይሰፍር በመቅረቱ ብቻ አዝናለሁ፤ ሰፍሮ ቢሆን ኖሮ እሳቸውም እንደኛ መንገድ መሪ ጾታቸውን ግልጽ አድርገው በአጭር ጊዜ ውስጥ እንዲስተካከሉ በታዘዙ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ጽሑፍ አስተያየታችሁ። መንገድ መሪው ቆመው የሚጠብቁበትን ቦታ አስመልክቶ “ወንድ ከሆነ ለምን ይጠብቃል? ሴት ከሆነች ለምን ዞራ አታይም?” ብላችሁ ጽፋችኋል። ይህን ሳነብ ቢሮዬ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ፣ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ሲዞርብኝም ልይዘው አልቻልኩም። እናቴ ያን ሁሉ ደረጃ ስትወጣ ሳይዞሩ መጠበቅ የወንድ ነው ወይስ የሴት የሚለው ጥያቄ አንድም ቀን አልመጣባትም፤ የምታውቀው እየተጠበቀች መሆኑን ብቻ ነው። እናንተ የተማራችሁ ስለሆናችሁ ጥያቄው መጣላችሁ።

ሦስተኛ፣ በአንድ ድምፅ ብልጫ መንገድ መሪው ሴት እንዲሆኑ ወስናችሁ፣ እኛ እንዳንደክም ብላችሁ ከራሳችሁ መጋዘን የጸደቀ የሴት አካሄድ ስለላካችሁልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የፊታቸው ጨርቅ ወልቆ ከንፈራቸው ተቀባ፣ ካፖርታቸው ወገቡ ላይ ታጠቀ፣ ዳሌያቸውም ማዕበል እንደያዘው ጀልባ ይወዛወዝ ጀመር። በገደል አፋፍ ላይ እንዲያ እየተውረገረገ የሚሄድን ሰው እኔ በበኩሌ አልከተልም። ተጫዋቹ ሲዘገይ ደግሞ ይዞራሉ፣ ፈገግ ይላሉ፣ እጃቸውን ያውለበልባሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው፤ ግልጽ የሆነች ሴት አገኘን፣ ያቺን ሰው ግን አጣናት።

አራተኛ ብዬ የምቀጥለው ቁጥር ነበረኝ፣ ትቼዋለሁ። ስለ እናቴ ልንገርዎት።

እናቴ በዕድሜዋ ጌም ነክታ አታውቅም። ከቀብሩ በኋላ ቤት ውስጥ ከወንበር ወንበር እየተዘዋወረች ስትቀመጥ አንጀቴ አልችል ስላለኝ፣ የሙከራውን ቅጂ ቴሌቪዥኗ ላይ ከፍቼ ጆይስቲኩን በእጇ ሰጠኋት። ምንም አላስረዳኋትም። ወደ ፊት የሚያስኬደውን አንዱን እንጨት ገፋ አደረገችው፣ ከፊቷ ያለውን ጀርባ አየችና መነጽሯን ፈለገች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላዋ በሙሉ እዚያው ሆነ። ከማንም አትዋጋም፣ የሚሰበሰበውን ሀብት ረግጣው ታልፋለች፤ መነጽሯን አድርጋ ያንን ወረድ ያለ ግራ ትከሻ ትከተላለች። አንዳንዴ ሆን ብላ ትቆማለች። ከፊቷ ያለውም ጀርባ ይቆማል፣ እጅ ቀስ ብሎ ወደ ማጅራት ይሄዳል። እናቴ ያንን ጠግባ ካየች በኋላ “መጣሁ፣ መጣሁ” ብላ መንገዷን ትቀጥላለች።

ኮሚቴዎ ያጸደቀው አፕዴት እሷ ወጥ ቤት ሽንኩርት ስትልጥ በራሱ ጊዜ ገብቶ ጠበቃት። እጇን ታጥባ ተቀመጠች፣ ትንሽ ሄደች፣ እንደ ልማዷም ቆመች። የተቀባችው ሴት ዞራ ፈገግ አለችላትና እጇን አውለበለበችላት። እናቴ ጆይስቲኩን ሶፋው ላይ አስቀምጣ፣ ቤት ተሳስቶ ለገባ እንግዳ በሚሆን ጨዋነት “ይቺ ደግሞ ማናት?” ብላ ጠየቀችኝ። ቀጥላም “የኔዋን የት አደረጓት?” አለች። እኔም ኮሚቴ የሚባል ነገር እንዳለ ላስረዳት ሞክሬ መሐል ላይ አፈርኩ።

የቀድሞው ቅጂ ስቱዲዮአችን ውስጥ ባለ አንድ ኮምፒውተር ላይ እስከ ዛሬ አለ። መመሪያችሁ ግን ግልጽ ያልሆኑ ገጸ ባሕርያት እንዳያንሰራሩ አሮጌው ቅጂም የመጀመሪያው ቀረጻም እስከ መጪው ዓርብ እንዲጠፉ ያዛል። አንድ ቅጂ ብቻ፣ ከኢንተርኔት ተነጥሎ፣ ከእናቴ ቴሌቪዥን ሌላ የትም በማይሄድበት ሁኔታ እንዲቀርልን አመለከትሁ። ጽሕፈት ቤትዎ፣ የመንገድ መሪው ጾታ ስላልተገለጸ ማመልከቻውን ለመመርመር አይቻልም ሲል መለሰልኝ። እኔም ሴት ናት፣ እህቴ ናት ብዬ ጻፍሁ። ሁለተኛው መልስ ከመጀመሪያው ይልቅ ፈጣን ነበር፤ ሴት ከሆነች የጸደቀው የሴት ቅጂ ስለሚበቃ የተለየ ፈቃድ የሚያሰጥ ምክንያት የለም ይላል። እንዲህ ያለ የማያፈናፍን ብልኀት በአንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ መኖሩ ያስቀናል።

ክቡር ሆይ፣ የእህቴ ፎቶዎች ቤታችን ውስጥ ሞልተዋል፤ በሁሉም ላይ ቆማለች ወይም ተቀምጣለች። ስትሄድ የምትታየው እዚህ ብቻ ነው። ጨዋታውን እንደወደዳችሁ አድርጉት፣ መንገድ መሪውን ዘውድም ጫኑላቸው፣ አልከራከርም። እርግጥ ሥራችንን ስላበላሻችሁብን ተናድጃለሁ፤ ንዴት ግን ይበርዳል። ይህኛው አይበርድም። ቀረጻው የተቀመጠበትን የማውቀው እኔ ስለሆንኩ ዓርብ ዕለት የማጥፊያውን ቁልፍ የምጫነውም እኔ ነኝ። እምቢ ብል ስቱዲዮው ፈቃዱን ይነጠቃል፣ ባልደረቦቼ ከሥራ ይበተናሉ፤ እሺ ብል ደግሞ እህቴን በገዛ እጄ ሁለተኛ እቀብራለሁ። ከኮሚቴዎ የምለምነው ፍርድ አይደለም፣ ልባችሁም እንዲራራ አልጠብቅም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናቴ ስትቀመጥ ከፊቷ የምትከተለው ጀርባ እንዲኖራት ብቻ ነው።

ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ ይህንንም እስከዚህ ድረስ ካነበቡት ስለ ትዕግሥትዎ፣ ካላነበቡት ደግሞ ስለ ተለመደው አሠራርዎ እያመሰገንኩ፣ ወንበርዎን ያጽናልዎ፣ ጥላዎንም ከፕሮጀክተር ይጠብቅልዎ እላለሁ።

ከማያሻማ አክብሮት ጋር፣

የአካሄድ ባለሙያ፣ የአንዲት እናት ልጅ፣ የአንዲት ሟች ታላቅ
(ወንድ ልሁን ሴት ሳልገልጽ በመቅረቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ለጉዳዩ አስፈላጊ ሆኖ ስላላገኘሁት ነው።)

ማስታወሻ፦ በግምገማው ዕለት ስንወጣ ዝናብ ስለያዘን እኔና እርስዎ በሕንጻው በር ሥር ጎን ለጎን ቆመን ነበር፤ ላያስታውሱኝ ይችላሉ። ከመንገዱ ማዶ ተማሪዎች ከአውቶቡስ ወርደው ይመጡ ነበር፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ሰፊ የዝናብ ልብስ ለብሰው፣ ቆቡን እስከ ዓይናቸው ስበው። ይህ ሙያዬ ሆኖ እንኳ ወንዱን ከሴቷ መለየት አቃተኝ። እርስዎ ግን ማንንም ሳያማክሩ፣ ፊት ሳይታይዎ፣ ከመሐላቸው ገና ከሩቅ ለይተው “ልጄ” ብለው ጃንጥላዎን ሳይዘረጉ ዝናቡ ውስጥ ገቡ። በምን እንደለዩ ለኮሚቴዎ ቢያስረዱልኝ እናቴ ሌላ ማመልከቻ አያስፈልጋትም።