ልጄ በ4.5 ሚሊዮን የገዛው ተከላካይ

ለተከበሩ የፋንታሲ ኳስ ጨዋታ የተጫዋቾች ዋጋ ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደ ግብ አግቢ አጥቂ ዋጋ ከሳምንት ሳምንት ከፍ እንዲል እየተመኘሁ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

የልጄ የሙደሲር ሞት የተነገረኝ ኅዳር 16 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ለሥራ ወደ አዳማ ሲሄድ የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ ነው። እዚሁ ልደታ ኮንዶሚኒየም ይህን የስልክ ጨዋታ አብረውት የሚጫወቱት ጓደኞቹ ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው፣ በጨዋታው የሐሳብ ገንዘብ ገዝቶ የመረጣቸው አሥራ አምስት የእውነተኛ ክለብ ተጫዋቾች ውድድሩ እስኪያልቅ እሱ እንደተዋቸው ይቆዩ ብለው ተስማሙ። ስልኩንም ለእኔ ሰጡኝ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጄ ገና ማንም ሳያውቀው በ4.5 ሚሊዮን በገዛው ተከላካይ ላይ የጉዳት ምልክት አየሁና፣ የልጄ ቡድን እንዳይጎዳ ብዬ በሌላ ለወጥኩት። በማግስቱ ልመልሰው ብል አልሆነም። ስለዚህ የሚከተለውን በትሕትና አመለክታለሁ።

1. በሸጥኩበት ቀን ዋጋው 5.1 ነበር፤ የሰጡኝ ግን 4.8 ነው። ከጭማሪው ግማሹን ማስቀረት ደንብ መሆኑን የሙደሲር ጓደኛ ሰላሃዲን አስረዳኝ። ሁሉንም ስላልወሰዱ አመሰግናለሁ።

2. ሰው ሲተወው የሚወርደው፣ ሰው ሲሻማበት የሚወጣው ዋጋ፣ ተከላካዩ በሳምንቱ ድኖ ሲጫወት 5.3 ደረሰ። በመዳኑ ደስ ብሎኛል፤ እሱም እናት አለችው። በምትኩ በዚያው 4.8 ያስገባሁትን ብሸጥ 0.5 ይጎድለኛል። ይህ ደግሞ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ወርጄ፣ ቸርችሬ የማመጣው ገንዘብ አይደለም።

3. ጉድለቱን ለመሙላት ከቀሩት አሥራ አራት አንዱን መሸጥ አለብኝ። ሁሉንም የመረጠው ሙደሲር ነው። የትኛውን እንደምሸጥ ቢመርጡልኝ ውለታዎ ነው።

4. ይህንኑ ሦስት ጊዜ ጽፌልዎት፣ ሦስቱንም ጊዜ «መልካም የጨዋታ ሳምንት» ብለው ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ።

በግንቦት ውድድሩ ሲያልቅ ቡድኖቹን ሁሉ እንደሚያጠፏቸው ሰምቻለሁ። እስከዚያ ድረስ ተከላካዩን ልጄ ባኖረው ቦታ እንዲመልሱልኝ እለምናለሁ። ነጥብ አልፈልግም።

ደንብዎን ዘግይታ የተማረች፣ ከነአክብሮቷ በሩ ላይ የቆመች፣
ሶፊያ ከሊፋ
ልደታ፣ አዲስ አበባ

ማስታወሻ፦ ይህን ያነበባችሁ ሁሉ ለሙደሲር ዱዓ አድርጉለት። ክቡር ኃላፊ፣ እርስዎም ይጨመሩበት፤ አይስጉ፣ የዱዓን ዋጋ የሚወስነው ሌላ ነው።