ስብሰባ አቋርጦ መውጣት

ጥር 6፣ 11 ሰዓት
ዛሬም ከቀበሌ ስብሰባ ሦስቴ ወጣሁ። ሽንት ቤት ሮጬ ስደርስ ጠብታ ናት። ስመለስ እንደገና ያጣድፈኛል። ካድሬው ንግግሩን አቁሞ በዓይኑ ሸኘኝ። ዘነበች፣ አብራኝ የምታስተምረው፣ ቀሚሴን ጎተተችኝ። «ኧረ ተይ፣ ጥርስ ውስጥ ገብተሻል!» ፊኛዬ ይህን መች ይሰማል። ደብተሬ፣ ካንቺ በቀር ለማን እነግራለሁ?

ጥር 9፣ ደ. ታቦር
ከንፋስ መውጫ በጭነት መኪና መጣሁ። መንገድ ላይ ሁለቴ ባስቆም ረዳቱ ሰደበኝ። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ ነርሷ ታስተረጉማለች። በሽታ እንጂ ጠባይ አይደለም አለ፤ ፊኛዬ ሳይሞላ ይኮማተራል። እዚህ መድኃኒቱ የለም። ባገሩ ግን አንድ ነገር እየተሞከረ ነው፦ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ ቆዳ ሥር ይቀብሩና ሽቦውን ፊኛን ከሚያዘው የወገብ ነርቭ ጋር ያገናኙታል። ነርቩን ቀስ እያለ እየነዘረ ፊኛውን ያረጋጋዋል። ለኔስ? አልሁ። ነርሷ ሳታስተረጉም ሳቀች። እውነቷን ነው። የት/ቤታችን ሬዲዮ እንኳ ባትሪ ድንጋይ አጥቶ ዝም ካለ ከረመ። ግን አንገበገበኝ። ጨርሶ ባይነግረኝ ይሻል ነበር።
የሕመም ወረቀት ልጻፍልሽ አለ። እምቢ አልሁ። ካድሬው ስብሰባ ላይ ጮክ ብሎ ነው የሚያነበው።

ጥር 12
ግለ ሂስ። ስብሰባ አቋርጦ መውጣት አብዮቱን መናቅ ነው ተባልሁ። ቆምሁ። ፊት ለፊቴ የተማሪዎቼ ወላጆች፣ መሪጌታው ሳይቀሩ። ፊኛዬን ታምሜ ነው ልል አፌን ከፈትሁ። ነገ ልጆቹ የሚያወጡልኝ ስም ታየኝ። ንቄ ነው፣ ጥፋተኛ ነኝ አልሁ። ተጨበጨበልኝ! ዘነበች አንገቷን ደፋች።
ቅጣቴ፦ ከእንግዲህ በየስብሰባው መድረክ ላይ፣ ከሊቀ መንበሩ ጎን፣ ሕዝቡ ፊት እንድቀመጥ። እንዳልወጣ። አምላኬ፣ ምነው ሌላ ቅጣት አጡ!

ጥር 16፣ ጠዋት
ስብሰባው ከሰዓት ነው። ከትናንት ጀምሮ ውኃ አልቀመስሁም። ሐኪሙ ይህን አታድርጊ፣ ይብስብሻል ብሎ ነበር። ብሶብኛል። ዘነበች ለካ ገብቷታል፤ መጥታ መታመምሽን እኔ ልንገርልሽ አለች። ጮህሁባት፤ እያለቀሰች ሄደች። ምን አደረገችኝ? እነሱ ላይ መጮህ ስላቃተኝ ነው።
ቆርጫለሁ። እቀመጣለሁ። ሲመጣብኝ አላስፈቅድም፣ አልነሣም። እዚያው፣ ሕዝብ እያየ። ወንበሩ እንደሆነ የመንግሥት ነው።