እርምህን ካወጣን በኋላ

ውድ ወንድሜ፣

ለሞተ ሰው ደብዳቤ እንዴት ይጀመራል? እኛ እኮ እርምህን አውጥተናል! ከዓመታት በፊት ጀልባችሁ ስትገለበጥ የአባባን ሬሳ ማዕበሉ ወደ ዳር መለሰልን፤ አንተን ግን ስናጣህ ጃኬትህን በሣጥን አድርገን ከጎኑ ቀበርን። እማዬ ዛሬም ሁለቱንም መቃብር ትጠርጋለች።

አሁን የምሠራው ከከተማ ወጣ ባለ የራዳር ጣቢያ ነው። የአንቴናዎቹ ምሰሶዎች ሜዳውን ሞልተውታል፤ እኛ ከማሽኖቹ ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ እንጋፋለን። ራዳሩ የሬዲዮ ሞገድ ወደ ላይ ይልካል። አውሮፕላን ከሚደርስበት እጅግ ርቆ፣ ፀሐይ አየሩን በኤሌክትሪክ የምትሞላበት ንብርብር አለ። እኔ የማጠናው የዚያን ንብርብር ግርጌ ነው። እዚያ ተወርዋሪ ኮከቦች ተቃጥለው የሚተዉት የብረት ብናኝ በነፋስ እየተገፋ አንዱ ጋ ይሳሳል፣ ሌላው ጋ ይጠቀጠቃል። በጣም ሲጠቀጠቅ ወደ ጠፈር ያልፍ የነበረውን የሬዲዮ ድምፅ ወደ ምድር ይመልሰዋል። ያኔ ከወደብ የማይርቅ ሬዲዮ አገር አቋርጦ ይሰማል።

ትናንት ከምሳ በኋላ ስክሪኑ ላይ ያ ግርጌ ደምቆ ታየ። ቴክኒሻናችን፣ ከቅጥነቱ የተነሳ «ሽቦው» የምንለው ሰውዬ፣ እጁን እያፋተገ፣ «ዛሬ ሰማዩን ወሬ አላስቀምጥ ብሎታል!» አለና ለሙከራ የምንጠቀምበትን አሮጌ የጀልባ ሬዲዮ ከፈተው።

መጀመሪያ ፉጨት ብቻ ነበር። ቀጥሎ የአንድ ወንድ ድምፅ ጀልባዎችን እየጠራ መጣ። «የምሥራቁ ወደብ ነው። ነፋስ እየተነሳ ስለሆነ ግቡ። ቀስ በሉ፣ ውሃ ዘመድ የለውም።»

ወንበሩን ገልብጬ ተነሳሁ። ያ የአባባ አባባል ነው። ድምፁ ደግሞ ያንተ! ወፈር ብሏል እንጂ «ዘመድ» ስትል ምላስህ የምትያዝበት ቦታ እንኳ አልተለወጠም።

«ምን ሆንሽ? ፊትሽ አመድ መሰለ» አለኝ ሽቦው።

መናገሪያውን ነጥቄ ከቤታችን ሰው በቀር ማንም በማያውቀው ስምህ ጮኽኩ። «ጉንዳን! ጉንዳን፣ አንተ ነህ?»

ሬዲዮው ፉጨት ብቻ ሲሆን፣ ተሳስቻለሁ፣ አብጃለሁ አልኩ። ከዚያ በጣም ቀስ ብለህ ጠየቅኸኝ።

«እማዬ አለች?»

«አለች! አለች! አንተ የት...» ሽቦው ትከሻዬን ያዘኝ። ስክሪኑ ላይ ያ ድምቀት ተበታትኗል። ሬዲዮው ውስጥም ማንም የለም። መልሴን ሰምተህ እንደሆነ አላውቅም። እስኪመሽ ጠራሁህ።

ስንት ነገር ልጠይቅህ እንደነበር! ከውሃው ማን አወጣህ? አባባ እጅህ ላይ ነው የሞተው? ፊታችንን ማየት ነው የከበደህ? እኛ ስናለቅስ አንተ እዚያ ተቀምጠህ ጀልባ ትጠራ ነበር? ተናድጃለሁ። ደግሞ በአንድ ጊዜ እስቃለሁ። አላበድኩም፣ ወንድሜ፤ ግን ብዙም አልቀረኝም።

ዛሬ ጠዋት ለእማዬ ነገርኳት። በረንዳው ላይ ልብስ እያሰጣች ነበር።

«በሙት አይቀለድም!» ብላ ተቆጣችኝ።

«የአባባ አጥንት ይውጋኝ፣ ድምፁን ሰማሁ።»

ያንጠለጠለችው አንሶላ መሬት ወደቀ፤ አላነሳችውም። «ምን አለ?» አለችኝ።

«'እማዬ አለች?' አለ።»

ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ትከሻዬን በመዳፏ መታችኝ። «ታዲያ እዚህ ምን ይገትርሻል? ልጄ እኮ ጠየቀ! አለች በይው!»

ይኸው፣ በምሥራቁ ወደብ ሬዲዮ ክፍል አድራሻ ጻፍኩልህ። እማዬ አትቆጣህም ብዬ አልዋሽህም፤ ስታገኝህ የምትልህን ብትል ቻለው። እንዳትመጣ የከለከለህ ምንም ይሁን፣ እኛ እንመጣለን። ብቻ ከዚያ ክፍል እንዳትጠፋብን።

አለች፣ ወንድሜ። እናትህ አለች።

እህትህ