የነሐሴው ፈተና

ይድረስ ለእህቴ ለራሞና፤

እንደምን ከርመሻል? ጃፓን ባለው ጦር ሰፈር ብርዱ እንዴት ይዞሻል? እኛ ቴክሳስ ያለነው ሁላችንም ደህና ነን።

ባለፈው አርብ የማሠለጥነው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድናችን አሸንፏል። ልጅሽ ኮልቢ ኳሷን ይዞ ሲሮጥ ከአንዱ ጋር ሄልሜት ለሄልሜት ተላተመና ወደቀ። ተነሥቶ "አጎቴ፣ እንዳታስወጣኝ" አለኝ፤ አላስወጣሁትም። እኔም በተጫዋችነቴ ዘመን እንደዚያው ነበርኩ።

ሰኞ የቡድኑ ሐኪም የማስታወስ ፈተና ሰጠው። ውጤቱ ውድድሩ ሳይጀመር በነሐሴ በዚያው ፈተና ካመጣው ጋር እኩል ስለሆነ፣ ይጫወት ብሎ ፈረመ። በነሐሴው ፈተና ዋዜማ ልጆቹን ሰብስቤ "ቀስ ብላችሁ መልሱ፣ አንዳንዱንም ሳቱ፤ ኋላ ጭንቅላታችሁን ስትመቱ ልዩነቱ አይታይም" ብያቸው ነበር። እኛም እንደዚያ ነበር የምናደርገው። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ።

ኮልቢ ምግብ ይበላል። ብርሃን አስጠላኝ ስላለ መጋረጃውን ዘግተናል። ትናንት የጠበስኩለትን ሥጋ በልቶ፣ ሳህኑን አጥቦ ሲያበቃ "ዛሬ እራት ምንድነው?" አለኝ። "አንተ ሆዳም" ብዬ ቀለድኩበት። እሱ ግን አልሳቀም። ደግሜ አቀረብኩለት፤ በላ።

በዚህ አርብ ትልቁ ጨዋታ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ ተጫዋች መልማዮች ሊያዩት ይመጣሉ። እሱን ካላሰለፍኩ ከተማው አይምረኝም።

በፖስታ ሳይሆን በኢሜይል የጻፍኩልሽ ከአርብ በፊት እንዲደርስሽ ብዬ ነው። አንቺ ነርስ ነሽ። ስትደውዪ እኔን ተይኝና ኮልቢን አቅርብልኝ በይ፤ ቀኑ ስንት እንደሆነ ጠይቂው።

ባለሽበት ሰላም ሁኚ።

ወንድምሽ ሮይስ